አንግኮር በአሳንሰር

ማዳሜ ሰማንያ ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ካረፈ ቆይቷል፣ ምላሷ ግን ገና ይሮጣል። ፓሪስ ያለው ልጇ፣ እናቱ «አንግኮርን ሳላይ አልሞትም» ስትል ዕድሜ ልኩን ሲሰማ ሰልችቶት መሰለኝ፣ ለልደቷ አስጎብኚ ቀጠረላት። ሰውዬው እዚያው ካምቦዲያ ሆኖ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ የጥንት የክመር ነገሥታት ያሠሯቸውን ቤተ መቅደሶች እየዞረ በቪዲዮ ያሳያታል። እኛ ዐረብ አገር፣ መዝረዓ ሰፈር፣ ሳሎናችን ቁጭ ብለን ማየት ነው። ቀላል ነው አይደል? ማዳም ኦዴትን የማያውቅ ቀላል ይለዋል።

«ተቀምጦ ጉብኝት የለም!» አለች። «ባርኔጣዬን አምጪ! ውሃ ያዢ! ያላ ውባ!»

ስሜ ውባለም ነው፤ ሙሉውን ለመጥራት ጊዜ ኖሯት አያውቅም።

ያን ቀን ግን እሳት ግቢ ብትለኝ እገባ ነበር። እሁድ ቀፀላ ታገባለች። ቀፀላ ማለት አብራኝ ከአገር የወጣች፣ የመጀመሪያው ዓመት ስልክ ሳይኖረኝ ከጎረቤት በረንዳ ላይ እየጮኸች የእናቴን ደህንነት ትነግረኝ የነበረች ጓደኛዬ ናት። ሚዜዋ እኔ ነኝ። ቀሚሱ በልኬ ተጠቦ ተሰቅሏል። ሠርጉ ቤተ ክርስቲያናችን በሚከራየው አዳራሽ ነው፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ። ማዳሜ ግን እሁድ አትለቅም። እሁድ ዘመድ አለ፣ ምሳ አለ፣ የሳህን ክምር አለ። ለምኜ ለምኜ ሲያቅተኝ፣ «መጀመሪያ የቤተ መቅደሱ አናት ላይ አድርሺኝ፣ ከዚያ እናያለን» አለች። እናያለን! የማዳም «እናያለን» ሳይታይ ነው የሚቀረው።

ደግሞ ቤተ መቅደሱ የጣዖት ቤት ነው። መጋቢያችን ጢሞቴዎስ ጋ ደውዬ፣ «በስልክ መግባትስ ኃጢአት ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እህት ውባለም፣ በዚህ ኔትወርክ ደጃፉም ላይ አትደርሺም፤ ግቢ» አለኝ።

ከቁርስ በኋላ ተጀመረ። ማዳሜን ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ አስቀምጬ፣ ስልኩን ጭኗ ላይ አቆምኩ። አስጎብኚው ሲሄድ እገፋለሁ፣ ሲቆም እቆማለሁ። እሱ በድንጋይ አዳራሽ ያልፋል፣ እኛ በኮሪደር። እሱ ኩሬ ዳር ይደርሳል፣ እኛ መታጠቢያ ቤት። የሚናገረው ፈረንሳይኛ ነው፤ እኔ ከቦንዡርና ከሜርሲ ስለማላልፍ ማዳሜ በዐረብኛ እየጮኸች ትነግረኛለች።

ድንገት ስክሪኑን የሞላ የድንጋይ ፊት ፈገግ ብሎ ሲያየኝ አፌ ቀደመኝ። «በኢየሱስ ስም!» ብዬ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብኩት። ማዳሜ ከነባርኔጣዋ ወጥ ቤት ተገኘች።

«መጅኑና!» አለችኝ፤ እብድ ማለቷ ነው። መልሼ ገፋኋት።

ቀጥሎ ጣራው ላይ ግዙፍ ዛፍ የበቀለበት፣ ሥሩ ግድግዳውን ጨምድዶ የያዘ ቤት መጣ። ማዳሜ እንባዋ መጣ። «እንዴት ያምራል!» ትላለች። በረንዳችን ላይ አንድ ቅጠል ስትገኝ ግን ቤቱን በጩኸት ታፈርስብኛለች። ንድድ አለኝ።

«ማዳም፣ ይሄን ሁሉ ማን ነው የሚጠርገው? ይጠይቁልኝ።»

ፊቷን አጨማደደች፤ ግን ጠየቀችልኝ። ሰውዬው ሳቀ። መጥረጊያ የያዙ ሴቶች ናቸው፣ ጎብኚ ሳይመጣ በጠዋት ይጀምራሉ አለ። የትም አገር ያው ነን ማለት ነው።

ከዚያ ሰውዬው ወደ አናቱ የሚያወጣውን ቀጥ ያለ ደረጃ መውጣት ጀመረ። «እኛም እንውጣ፣ ጣራው ላይ!» አለች ማዳሜ። አሳንሰር ውስጥ ገባን። ፎቅ ሳንጨርስ መብራት ድርግም! አሳንሰሩ ቆመ፣ ኔትወርኩ ጠፋ፣ ሰውዬው ከነቤተ መቅደሱ ጠፋ። የስልኩም ባትሪ ተከተለ።

ማዳሜ ጨለማ ትፈራለች። «ውባ፣ አንግኮርን ሳላይ እዚሁ ልሞት ነው» ብላ እጄን ጨመደደችኝ። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላችው።

«ማን ይሞታል? ደርሰናል እኮ!» አልኳት። «ዓይንዎን ይጨፍኑ። ጫማ ይወልቃል፣ የተቀደሰ ቦታ ነው።»

አወለቀች፣ እኔም አወለቅኩ። ዕዳዬን ጀመርኩ።

«በግራችን የንጉሡ መኝታ ቤት ነው። ካልሲውን የትም የሚጥል ሰው ነበር። ይሄ ደግሞ የንግሥቲቱ ሳሎን፤ ማንም አይቀመጥበትም፣ በየቀኑ ግን ይወለወላል። በቀኝ የሠራተኛዋ ክፍል፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ። መስኮት የለውም።»

«ለምን የለውም?»

«እንጃ ማዳም። ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው።»

«ቀጥዪ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ቀጠልኩ። ዝሆኖች አመጣሁ፣ ዝናብ አዘነብኩ፣ አናቱ ላይ አውጥቼ ፀሐይ እንደ ዕንቁላል አስኳል ስትጠልቅ አሳየኋት። መብራት መጥቶ በሩ ጣራው ላይ ሲከፈት፣ የሕንፃው ጥበቃ ባዶ እግራችንን አገኘንና አፉን ከፈተ።

«ሽሽሽ!» አለችው ማዳሜ። «ቤተ መቅደስ ውስጥ ነህ።»

ቤት ገብተን ስልኩን ሰክቼ ስከፍተው አስጎብኚው ደወለ። «ኸላስ፣ ሜርሲ» ብላ ዘጋችበት። ወዲያው ጓደኛዋ ማዳም ሳልማ ጋ ደወለች። «ሳልማ፣ የኔዋ ልጅ ከሱ ትበልጣለች! ሁላችሁም ኑ፣ ታስጎበኛችኋለች። እሁድ!»

ቀፀላ ያለ ሚዜ ቆማ ታየችኝ። እኔ ነኝ ጉድጓዴን የቆፈርኩት፣ በገዛ አፌ! ማልቀስ አማረኝ፤ ከዚያ ግን ተናደድኩ።

«ማዳም፣ እሁድ አይሆንም።»

ስልኩን በመዳፏ ሸፈነች። «ለምን?»

«ቤተ መቅደሱ እሁድ ዝግ ነው።»

«ማን ዘጋው?»

«የሚጠርጉት ሴቶች እሁድ ዕረፍት ናቸው።»

አየችኝ። ባዶ እግሯን አየች። ደግሞ አየችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥንት ጀምሮ፣ ማዳም።»

ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። «ሳልማ፣ ሰኞ ኑ» አለች። «እሁድ ዝግ ነው።»