ከመርዶ በፊት የተጠገነ ጊታር

አርአያ የሞተው ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስ ጠዋት የሚስቱን የቤት ስልክ ሽቦ ቆረጥኩ።

ሥራው ለእኔ የደረሰኝ ፒንሳ ያለኝ እኔ ስለሆንኩ ነበር። ሚስቱ ማዕዛ ሥራ ገብታ ነበር። የዕድራችን ዳኛ አቶ ኃይለገብርኤል መሰላሉን ይዘውልኝ ቆሙ። አርአያ ዱባይ ውስጥ በአንድ ሆቴል ባንድ ጊታር ይጫወት ነበር፤ በመኪና አደጋ መሞቱን ያስታወቁን የባንዱ ልጆች ናቸው። አስከሬኑ ቅዳሜ ይገባል። መርዶው እንደ ደንቡ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ይነገራል። እስከዚያ ድረስ ማዕዛ ምንም መስማት የለባትም።

“በስልክ የሰማ ሰው ብቻውን ነው የሚወድቀው” አሉ አቶ ኃይለገብርኤል። “እኛ ስንነግራት ግን የሚደግፍ እጅ አለ።”

ሽቦውን ጣሪያው ሥር ሁለት ቦታ ቆረጥኩት። ቁራጩን ኪሴ ከተትኩት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማዕዛ ከቂርቆስ ካዛንቺስ ድረስ በእግሯ ወደ መጠገኛ ሱቄ መጣች። ከእሷ በፊት የደረሰው ዝምታ ነው። ከማዶ ካሴት የሚሸጠው ሙክታር ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ደቅኖ ቀኑን ሙሉ ሰፈሩን የሚያደነቁር ሰው ነው። ከሩቅ ሲያያት ዘፈኑን ከመሃል ቆረጠው።

“ሙክታር፣ ምነው? ቴፑ ካሴቱን በላብህ እንዴ?” አለችው።

“ፊውዝ ነው ማዕዛዬ። ፊውዝ ተቃጥሎ።”

ከራሱ በላይ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል።

“ማዕዛዬ? ባለፈው ሳምንት ‘የጊታሪስት ሚስት ከክር ሌላ ምን ትበላለች’ ብለህ መንገደኛውን ያሳቅህብኝ አንተ አይደለህ?”

ሙክታር ዞር ብሎ ንጹሑን መስታወት በጨርቅ ይወለውል ጀመር። እሷም ትከሻዋን ሰብቃ ገባችና አርአያ ሲሄድ ቤት የተወውን ጊታር ከነሳጥኑ ጠረጴዛዬ ላይ አጋደመችው።

“ጋሼ አባዲ፣ ዘንጉ ላልቷል። ለነገ እፈልገዋለሁ።”

ሳጥኑን ከፈትኩ። ከክሮቹ ማረፊያ አጠገብ የምትሰካ ቀጭን የብረት ዘንግ አለች፤ ትሬሞሎ ይሏታል። ሲጫኗት የክሮቹ ድምፅ ይወርዳል፤ ሲለቋት ወደ ቦታው ይመለሳል። አሁን እንደ ወለቀ ክንድ ቁልቁል ተንጠልጥላለች።

“ምን አስቸኮለሽ?” አልኳት። ፊቴን እንዳታየው ካቻቪቴ የምፈልግ መስዬ መሳቢያው ላይ አጎነበስኩ።

“አርአያ ቅዳሜ ይገባል።”

እጄ መሳቢያው ውስጥ ቀረ።

“ማን ነገረሽ?”

“ራሱ ነዋ! ትናንት ማታ ደወለ።”

“በቤት ስልክ?”

“ታዲያ በምን? ድምፁ ግን ራቀብኝ። ዱባይም ቢሆን እንዲህ አይርቅም። ‘ቅዳሜ እገባለሁ። ዘንጓን አስጠግኛት፤ ጋሼ አባዲ ሞላዋን ይመልሱላት’ አለኝ። የምን ሞላ እንደሆነ እኔ አልገባኝም። እርስዎ ያውቃሉ አለ።”

የሽቦው ቁራጭ አሁንም ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። በጨርቁ ላይ ዳሰስኩት።

ሞላዋን አውቃታለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ አርአያ ወደ ዱባይ ሊሄድ ሲል ይህችኑ ዘንግ አምጥቶልኝ ነበር። ጊታሩን ስገለብጠው ዘንጉ ከሚሰካበት ጉድጓድ ሥር ያለችው፣ ከስንዴ ቅንጣት እምብዛም የማትበልጥ ሞላ ወለሉ ላይ ወድቃ ጠፋችብኝ። አልነገርኩትም። የዘንጉን ጥርስ የቧንቧ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት ነጭ ቴፍሎን ጠቅልዬ አጠበቅኩትና “እንደ አዲስ ሆኗል” ብዬ መለስኩለት። ብቻዬን ነበርኩ። ለባለቤቴም፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ሥራውን ጀመርኩ፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይዘጋል። ያረጀውን ቴፍሎን ከጥርሱ ላይ ላጥኩ። ከእስክሪብቶ ውስጥ ሞላ አውጥቼ በልኩ ቆረጥኩና ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኩት። ዘንጉን አስገብቼ ሳጠብቀው ሞላው ከሥር ሲገፋው በጣቴ ተሰማኝ። ወደ ላይ ባዞረው እዚያው ቆመ፤ ወደ ጎን ባዞረው እዚያው ቆመ።

በእኔ ሙያ የተጠገነ መሣሪያ ባለቤቱ ፊት ሳይጮህ ከሱቅ አይወጣም። በአገሬ ደግሞ ሐዘን በገባበት ሰው ፊት ክር አይመታም። ሳጥኑን ልዘጋ ክዳኑን ያዝኩ።

“አይሞክሩትም?” አለች ማዕዛ።

“ደህና ነው። አያስፈልገውም።”

“ጋሼ አባዲ! የራዲዮ ቁልፍ ጠግነው እንኳ ዜናውን እስከ ስፖርቱ ሳያስደምጡ የማይለቁ ሰው?”

“መብራት…” አልኩና ቀና አልኩ። አምፖሉ ከሁለታችን በላይ ይበራል።

እሷም ቀና ብላ አየችው። ከዚያ መንገዱን አሻግራ ዝም ያለውን የሙክታርን ድምፅ ማጉያ አየች። መዳፏን ክዳኑ ላይ አሳረፈች።

“ከትናንት ጀምሮ አንድም ሰው አልቀለደብኝም” አለች። “ባለሱቁ ሰላም ሲለኝ ጫማዬን ነው የሚያየው። አቶ ኃይለገብርኤል መንገድ ተሻገሩብኝ።” ጣቷን በክዳኑ ጠርዝ አስኬደች። “አርአያ ሲደውል ከኋላው ሁልጊዜ ሰው አለ፤ ከበሮ የሚፈትሽ፣ ሳህን የሚያጋጭ። ትናንት ከድምፁ ኋላ ምንም አልነበረም። ግድግዳ እንኳ ያለ አይመስልም ነበር። መቼ ነው የሆነው፣ ጋሼ አባዲ?”

ለዕድሩ ቃል ሰጥቻለሁ። ዓይኔ ግን ቃል አልሰጠም ነበርና ወለሉ ላይ ወደቀ።

“አይንገሩኝ” አለች ፈጥና። “የሚነግሩኝ ሰዎች ነገ ይመጣሉ፤ እርስዎም አብረው ይመጣሉ። ያኔ እጮኻለሁ። ነጠላዬን አዘቀዝቃለሁ። ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ዘፈን አይሰማም። የሚገባውን ሁሉ አደርግለታለሁ። አሁን ግን ማንም ምንም አልነገረኝም። ሐዘንተኛ አይደለሁም። ስለዚህ ይሞክሩት። እሱ ያዘዘኝ ይህን ብቻ ነው።”

የጊታሩን ገመድ ሰክቼ አምፕሊፋየሩን ከፈትኩ። ሲሞቅ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ አሰማ። ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ እንደተጋደመ ተውኩትና ወፍራሙን ክር መታሁ። ድምፁ ሱቁን ሞላው። ዘንጉን ተጫንኩ፤ ድምፁ ጉድጓድ እንደሚወርድ ባልዲ ሰመጠ። ለቀቅኩ፤ ወጣ፤ ከተነሣበት ቦታ ላይ ሳይዛነፍ አረፈ። ለሁለት ዓመት የዋሸሁበት ሥራ ተሠራ።

“ተስተካክሏል” አልኩ። እጄን አንሥቼ ጉልበቴ ላይ አኖርኩ።

ክሩ መዳከም ነበረበት። አልተዳከመም። ድምፁ እንደገና መውረድ ጀመረ፤ እኔ እንዳወረድኩት ሳይሆን በዝግታ፣ እንደሚያመነታ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። እዚያ ቆየ። አርአያ ዜማ ሲጨርስ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ሰው ትንፋሹን እስኪይዝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያቆይና ቀስ ብሎ ይለቀዋል። ዘንጓ ማንም ሳይነካት አንድ ጣት ያህል ወደ ጊታሩ ገላ ተጠግታ ነበር። ከዚያ ተነሣች። ድምፁም ተነሣ።

አምፕሊፋየሩን ላጠፋ እጄን ዘረጋሁ።

“አይንኩት” አለች ማዕዛ።

በርጩማውን ስባ ወደ ጊታሩ ተጠጋች። እስከ ጎህ ብዙ ሰዓት እንዳላት ሰው ተደላድላ ተቀመጠች።