ልታደስ

ሶፋ አዳሹ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳውን በልቶ እጁን ይታጠብና፣ ኮቱን ከበሩ ጀርባ አውርዶ «በሉ እኔ ልታደስ» ብሎ ይወጣ ነበር። «ልታደስ» የምትለዋን ቃል የሚወዳት ከሥራው ጋር ስለምትሄድለት ነው። የሱቁ መስታወት ላይ በገዛ እጁ «ያረጀ ሶፋና ወንበር እናድሳለን» ብሎ ጽፏል። ሳምንቱን ሙሉ ምስማር በከንፈሩ ይዞ የሰው መቀመጫ ያጎደጎደውን ስፖንጅ ሲቀይር የሚሰነብት ሰው፣ ፑል ቤት ከጓደኞቹ ጋር ቢጫወት ማን ይፈርድበታል? ሚስቱም አትፈርድበትም፤ ለእሱ እንደዚያ ይመስለው ነበር።

እናቱ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ሁለት ዓመት አልፏል። ያልጋ ቁራኛ ስትሆን ወደ ቤቱ ያመጣት እሱ ነው፤ ጓደኞቹም «አንተስ የተባረክ ልጅ ነህ» ሲሉት ዝም ብሎ ይቀበላል። የምታገላብጣት፣ የምታጥባት፣ በማንኪያ የምታጎርሳት ግን ሚስቱ ናት። ፋርማሲ ውስጥ የነበራትን ሥራ የተወችው ለዚሁ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሴት ልጁ ትምህርት ቤት ወላጆችን ጠራ። ልጅቷ ሦስተኛ ክፍል ናት። አስተማሪዋ ለልጆቹ «መታደስ» የሚለውን ቃል ሰጥታ አጽፋቸው ኖሮ፣ እያንዳንዱ ወላጅ የልጁን ጽሑፍ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ጠየቀች። የአንዱ ልጅ ቤት ቀለም ተቀብቶ ታድሷል፤ የሌላዋ አጎት መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄዶ ሦስት ቀን ተሰልፏል። ሰው ሳቀ። ተራው ሲደርስ ሶፋ አዳሹ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ከደረሰበት የልጆች ወንበር ተነሳና ጉሮሮውን ጠረገ። እንዲህ ያለ ቃል ለእሱ ልጅ ምን ይከብዳታል?

«መታደስ ማለት የደከመ ሰው ወይም ያረጀ ዕቃ እንደገና ጉልበት ሲያገኝ ነው» ብሎ ጀመረ። «አባቴ ሶፋ ያድሳል። ቅዳሜ ደግሞ ራሱ ይታደሳል። ሲመለስ ደስ ብሎት ነው።» ወላጆቹ ፈገግ አሉ፤ እሱም ፈገግ አለ። «እናቴ አያቴን ታስታምማለች። አንድ ቀን፣ አንቺስ መቼ ነው የምትታደሺው አልኳት።»

ዓይኑ ቀድሞ የሚቀጥለውን መስመር አየ። «አያትሽ ስትሞት አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። ለአባትሽ እንዳትነግሪው አለችኝ። እኔም አልነገርኩትም።»

ለሰዉ ግን «ነገ አለችኝ» ብሎ አነበበና ደብተሩን ከደነው።

«እንደሱ አይልም፣ አባዬ» አለች ልጁ። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ስለነበር ግን ሁሉም ሰማ።

ጽሑፉን ያረመችው አስተማሪዋ ናት። የትኛው ደብተር እጁ እንደገባ ያኔ ትዝ አላትና መሬት መሬቱን እያየች «እናመሰግናለን፤ የሚቀጥለው» አለች። ሶፋ አዳሹ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

መንገድ ላይ ልጅቷ እጁን ይዛ ብዙ ከሄደች በኋላ «ተቆጣኸኝ?» አለችው።

«አልተቆጣሁም።»

«ታዲያ ለምን አቀረቀርክ?»

እጇን ጠበቅ አድርጎ መንገዱን አሻገራት።

ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ኮቱን አላነሳም። «ዛሬ አንቺ ውጪ። እህትሽ ጋ ሂጂና ዋዪ። እማን እኔ እይዛታለሁ» አላት ሚስቱን።

ሚስቱ ሳህን ማንሳቷን ትታ አየችው። «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ግንባሩን ልትዳስስ እጇን ስትዘረጋ፣ ክፍል ውስጥ ካፈረው የባሰ አፈረ።

ልጅቷን ይዛ ወጣች። እስከ በሩ ድረስ «በየሁለት ሰዓቱ ነው የሚገላበጡት። በግራ ጎናቸው ብዙ አታቆያቸው» ትለው ነበር።

ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ብቻውን የሚገለብጥ ሰው እናቱን ማገላበጥ አቃተው። የት የት እንደሚይዛት አያውቅም። እንደምንም ወደ ግድግዳው ሲያዞራት ዳሌዋ ላይ የተለጠፈ ፋሻ ተላቀቀና ከሥሩ የመዳፍ ያህል ቁስል አየ። አንሶላውም ርሷል። ሊያጥባት ሲገልጣት እናቱ በደህናው እጇ ልብሷን ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

«እሷ... ትምጣ» አለች በተሳሰረ አንደበቷ።

«እሷ ደክሟታል፣ እማ።»

ትኩር ብላ አየችው። «አውቃለሁ» አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ልብሷን ለቀቀች፤ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ በዳበሳ አጠባት።

ስልኩ ጮኸ። «የት ቀረህ? ኳሱ ተደርድሮ እየጠበቀህ ነው» አለ አንዱ ጓደኛው። እናቴን እያጠብኩ ነው ማለት አፍሮ «ሥራ ያዘኝ» አለው። ዘግቶ ሲያበቃ ደግሞ በዚህም አፈረ።

ሚስቱ ሊመሽ ሲል ተመለሰች። ጉንጯ ላይ የትራስ ምልክት ነበረ፤ እህቷ ቤት እንደገባች ጋደም ባለችበት እንቅልፍ ወስዷት ነው የዋለችው። ቀጥታ ወደ አልጋው ሄዳ አንሶላውን ገለጥ አደረገች።

«ቁስሉን አየኸው?»

«አየሁት። መቼ ነው የወጣባት?»

«አምስት ወር ሆነው።»

ያነበበውን ሊነግራት አፉን ከፈተና ተወው። ብትሰማ የምታፍረው እሷ ናት፤ ማፈር የነበረበት ግን እሱ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ የአንቺ ነው» አላት።

«እስቲ እናያለን» አለች። በድምፅዋ ቂም አልነበረም፤ እምነትም አልነበረም። ጫማዋን አወለቀችና እጅጌዋን ሰበሰበች። «ና፣ ጉልበታቸውን እንዲህ ደግፍልኝ።»

ደገፈ። በሁለቱ ጉልበቶች መሀል ትራሱ እንዴት እንደሚገባ አሳየችው። በአንድ ጊዜ አልገባውምና እንደገና እንድታሳየው ጠየቃት።