ቀትር ላይ የተለካ ወተት

የሆቴሉ ወተት ተረካቢ አሰግድ የመስታወት መለኪያውን ከወተቱ አውጥቶ አራገፈ። ማለዳ ወተታቸውን ሸጠው በሆቴሉ በር መኪና የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ሃያ ስድስት። ከሃያ ስምንት በታች ውሃ የገባበት ነው። ይቺ ሴትዮ ስንት ዓመት የጎልቦን ጉድጓድ ስታጠጣን ኖራለች?"

አንዷ ሳቀች። የሙጂባ ፊት ጋለ። ዘጠኝ ዓመት ከጎልቦ ቆላ አርቢዎች ወተት እየሰበሰበች ስታመጣ ጠብታ ውሃ ጨምራ አታውቅም። ዛሬ ያረፈደችው የምትመጣበት ሎሪ ጎማ ፈንድቶ ነው፤ ጀሪካኗ እስከ ቀትር ጭነቱ ላይ ፀሐይ ሲመታው ቆየ። ይህ ወሬ ከተማውን ከዞረ ነገ ወተቷን የሚቀበል ሆቴል አይኖርም።

"ወላሂ ውሃ የለበትም" አለች። "ትናንት ማለዳ በዚሁ ዕቃ ለክተህ ሠላሳ አላልክም? ከነዚያው ላሞች ነው።"

"ትናንት ፈራሽ፣ ዛሬ ደፈርሽ።"

ጥግ ላይ ምሳውን ይበላ የነበረው መምህር ያዕቆብ እጁን ታጥቦ መጣና ጀሪካኑን ዳሰሰ፤ ያቃጥላል። ረጋ ብሎ አስረዳው። ፈሳሽ ሲሞቅ ሞለኪዩሎቹ ይበልጥ ይራወጣሉ፣ ይራራቃሉም፤ ስለዚህ ወተቱ ይሳሳል፣ መለኪያውም ጠልቆ ይሰምጣል፣ ቁጥሩም ዝቅ ይላል። ዕቃው የተሠራው ቀዝቀዝ ላለ ወተት ነው፤ እዚያው አንገቱ ላይ ተጽፏል።

"ሙዋሊሙ፣ ወተት የሚሮጠው ላሟ ስትሮጥ ነው" አለ አሰግድ በመምህሩ እየቀለደ።

"አቀዝቅዘህ ለካው" አለች ሙጂባ። "ውሃ ከሆነ ቢቀዘቅዝም ውሃ ነው።"

አንድ ጆግ ቀድተው ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ። ወንበር ቢያቀርቡላትም አልተቀመጠችም። ክፉ ቃል እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳ በልቧ የአላህን ስም እየደጋገመች ዚክር ታደርግ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ አሰግድ መለኪያውን ጆጉ ውስጥ ለቀቀ። ጎንበስ ብሎ አየ፤ ደግሞ አየ። ሠላሳ።

"በይ እሺ፣ ወጥ ቤት አስገቢው" አለ በለሆሳስ። "ይቅርታ፣ አላወቅኩም።"

"ለነሱም ንገራቸው።"

አሰግድ ወደ በሩ ተመለከተ። ሴቶቹ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። ነገሩ አልቋል እኮ፣ ምን ታካብጂዋለሽ አላት።

"በአደባባይ ሰድበኸኝ በጓዳ አትታረቀኝም።"

አሰግድ ጎንበስ ብሎ መለኪያውን መወልወል ጀመረ። በዚህ ሰዓት ሌላ ገዢ እንደማይገኝ፣ ወተቱም እስከ ማታ እንደሚበላሽ ሙጂባ ታውቃለች። ሆኖም ጆጉን ወደ ጀሪካኑ ገለበጠች፣ ክዳኑን አጠበቀች፣ ወደ ሴቶቹም ዞረች።

"ኑ እስቲ፣ አሸክሙኝ።"