ለእታለማሁ የተነሱ ዓሣዎች

ጌትነት ዓሣ ፎቶ ማንሳት የተለማመደው ካሮልተን በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ከሚስቱ ጋር በሚኖሩበት አፓርትማ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው። ዓሣ በሌለበት! ኤርፖርት አብሮት ሻንጣ የሚጭን አንድ ሜክሲኳዊ ያገለገለች ትንሽ ካሜራ፣ ውሃ ከማያስገባ የፕላስቲክ ሽፋኗ ጋር ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ጌትነት ለየለት። ከሥራ ሲመለስ የመዋኛ መነጽሩን ፊቱ ላይ ያጠብቃል፣ የመተንፈሻ ቱቦውን አፉ ውስጥ ይሰካል፣ የኩሽና ማንኪያ ገንዳው ውስጥ ይወረውራል። ከዚያ በሆዱ ተንሳፍፎ ማንኪያውን ሲያነሳ ይውላል፤ ፎቶ ማለቴ ነው።

የጎረቤት ልጆች ይስቁበታል። ሚስቱ ዓለምጌጥ በረንዳው ላይ ቆማ ትጮህበታለች።

"አንተ ሰው፣ ማንኪያዬን መልስ! ወጡን በምን ላማስለው?"

"ቆይ እንጂ፣ ብርሃኑን እየለመድኩት ነው። ውሃ ውስጥ እኮ ቀይ ቀለም ይጠፋል። በደንብ ካልተጠጋሽው ሁሉም ነገር ሰማያዊ ነው የሚወጣው።"

"ሰማያዊ ማንኪያ ደግሞ ለማን ሊረባ?"

"ለእትዬ ነዋ! አሁን ካልተለማመድኩ ባሕሩ ላይ ምን ላነሳላት ነው?"

እትዬ የሚላት ታላቅ እህቱን እታለማሁን ነው። ደሴ ነው የምትኖረው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጡት አልጣለም፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ስለ ዓሣው በስልክ ሲያወራላት በሳቅ ትፈርሳለች። "አሜሪካ ድረስ ሄደህ ዓሣ ተመልካች ሆንክልኝ? ይኸው እዚሁ ሐይቅ አለልህ አይደል እንዴ!" ትለዋለች። ስቃ ስቃ ሲያበቃ ግን፣ "እስቲ አንስተህ ላክልኝ፤ ሳልሞት ልየው" ትለዋለች። ኩላሊቷን ታማለች፣ አንድ ሰሞን ይሻላታል፣ አንድ ሰሞን ይብስባታል። ጌትነት በየደወለበት የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ከባሰባት ንገሩኝ፣ የዚያኑ ዕለት አውሮፕላን ላይ ነኝ። ያደርገዋልም። የአየር መንገድ ሰው ስለሆነ ባዶ ወንበር ከተገኘ ይሳፈራል፤ ስታንድባይ የሚሉት ነው።

በዚያ በጋ ባልና ሚስቱ ኮዙሜል ወደሚባለው የሜክሲኮ ደሴት ሊሄዱ ተነስተው፣ ዓለምጌጥ ሻንጣ ስታዘጋጅ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ጌትነት ሥራ ላይ ነበር። ያነሳችው ዓለምጌጥ ናት። የደወለችው ደግሞ የእታለማሁ ልጅ ህይወት ነበረች፣ እያለቀሰች።

"እማዬ ሆስፒታል ገብታለች። በጣም ብሶባታል። ጌትነትን ጥሩልኝ ትላለች፣ ጋሼን ቶሎ ይምጣ በይው" አለች። መስመሩ ተቆረጠ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የሌላ አገር ሴት ብትሆን የሰማችውን ሰምታ ባሏን ትጠራለች፣ በቃ። እኛ ግን አዋቂዎች ነን! ከአገር ቤት ማን ነው በስልክ "ሞተች" ብሎ የሚያረዳ? "ትንሽ አሟት ነበር" ይባላል፣ "እስቲ ብቅ ቢል" ይባላል፣ ቀሪውን ሰሚው ይጨርሰዋል። ዓለምጌጥ ራሷ አባቷ "ጉንፋን ይዟቸዋል" ተብላ፣ እውነቱን የሰማችው ሰውየው ተቀብረው ተዝካራቸው ሲቃረብ ነው። እና የልጅቱን ለቅሶ ስትሰማ፣ ይሄ መርዶ ነው አለች። ለባሏ አልደወለችም። ለጋሽ ፍቃዱ ደወለች።

ጋሽ ፍቃዱ ለካሮልተንና ለሌዊስቪል ሐበሻ ሁሉ መርዶ የሚያረዱ ሰው ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ነጭ ጋቢያቸው ንጹሕ ነው፣ በዚያ ላይ አይቸኩሉም።

"ስትነግርሽ ታለቅስ ነበር?" አሏት።

"አዎ ጋሼ።"

"ቶሎ ይምጣ አለች?"

"አዎ።"

በረጅሙ ተነፈሱ። "ነፍስ ይማር። አልቋል ልጄ።"

"ግን እኮ ሆስፒታል ናት ነው ያለችኝ። ሶ፣ መልሼ ኮል ላድርግና ልጠይቃት?"

"እንዳታደርጊው! ለቅሶውን ከሰማሽ ፊትሽ ያሳብቅብሻል። ቀብሩ እንደሆነ አይደርስበትም። ልጁ ዕረፍቱን ወስዶ፣ ባሕሩን አይቶ፣ ሰውነቱ ጠንክሮ ይመለስ። እሑድ በማለዳ ሰው ይዤ እመጣለሁ። ወጉ እንደዚያ ነው።"

"እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ" አለች።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ዓለምጌጥ መሄዱን ፈልጋዋለች። ከተጋቡ ጀምሮ አብረው የትም ሄደው አያውቁም። እሷ ሌዊስቪል መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታሽግ ትውላለች፣ እሱ ሺፍቱ ሌላ ነው፤ የሚተያዩት በር ላይ ነው። ሽማግሌው "ይሂድ" ሲሉ፣ ከሐዘኑ ሥር ደስ የሚል ነገር ሽው አለባት። ራሷን ጠላች። ሻንጣውን ግን ዘጋችው።

ኮዙሜል ላይ ባሕሩ ጥርት ያለ ነበር፣ ጌትነትም ልጅ ሆነ። ጠዋት መነጽሩ እንዳይደበዝዝ ምራቁን እንትፍ ይልበታል፣ ያሽበታል፣ ካሜራዋን በእጅ አንጓው ላይ አስሮ ይገባል። ቱቦው ብቻ ከውሃው ላይ ብቅ ብሎ ሲዞር ይታያል። ትንሽ ካሜራ ሰነፍ ናት፤ ተጭነሃት አስባ አስባ ነው የምታነሳው፣ እስከዚያ ዓሣው መንገዱን ይሄዳል። ከውሃው ብቅ እያለ ይጮኻል።

"ጭራ! አሁንም ጭራ! ዓለሜ፣ እነዚህ ዓሣዎች ንቀውኛል!"

ውሎ ሲያድር ግን ገባው። ማባረሩን ተወና አሸዋው ላይ ጥላው ሳያርፍ ዝም ብሎ መንሳፈፍ፣ እነሱ እስኪመጡ መጠበቅ ጀመረ። እነሱም መጡ። ድንጋይ እየቆረጠመ የሚበላ አረንጓዴ ዓሣ አነሳ፣ ከንፈሩ ሮዝ። ሣር የምትግጥ ኤሊ አነሳ፣ ፊት ለፊት፣ ልክ እንደ ላም ቀና ብላ ስታየው። ውሃ እያንጠባጠበ ወደ ዳር እየሮጠ መጥቶ የካሜራዋን ትንሽ መስኮት ዓለምጌጥ አፍንጫ ሥር ደቀነው።

"ተመልከቻት! ይቺ ለእትዬ ናት! ይቺን አይታ ሐይቅ ሐይቅ ትላለች እስቲ!"

ዓለምጌጥ አንገቷን ነቀነቀች። ጥቁር መነጽሯ ሥር እንባዋ ይወርዳል።

"ምን ሆነሻል?"

"የፀሐይ ክሬሙ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው።"

አመናት። ምን ያድርግ፣ ሚስቱ ናት። አልፎ ተርፎ የመዋኛ መነጽሩን ፊቷ ላይ አስሮ እጇን ይዞ አስገባት። ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ መስመር መስመር ያለው ዓሣ በጉንጯ አጠገብ አለፈ። አቤት ሲያምር! ያን ጊዜ አለቀሰች፣ እዚያው ውሃ ውስጥ። መነጽር ውስጥ የወጣ እንባ ደግሞ አይጠረግም፤ እዚያው ተጠራቅሞ ዓሣውን ሁሉ ጋረደባት።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ባሕሩ ከመውረዳቸው በፊት፣ ጌትነት የሆቴሉን ስልክ አነሳ። "ለእትዬ ስለ ኤሊዋ ልንገራት፣ አላስችል አለኝ" አለ።

ዓለምጌጥ እጁን ያዘችው። "አሁን እዚያ እየመሸ ነው፣ ታማሚ አትቀስቅስ። ስንመለስ እቤት ሆነህ ተረጋግተህ ታወራታለህ" አለችው።

"እሱስ ልክ ነሽ" ብሎ ስልኩን አስቀመጠው።

ቅዳሜ ቤታቸው ሲገቡ የስልኩ የመልእክት መቀበያ ማሽን ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ጌትነት ገና ሻንጣ ከመኪናው እያወረደ ነበር። ዓለምጌጥ መብራቱን ስታየው ክው አለች። ከአገር ቤት ያዘነ ሰው ሁሉ "አይዞህ፣ እግዜር ያጥናህ" ብሎ የተወለት ቃል መሰላት። ነገ ጋሽ ፍቃዱ በወጉ ሳያረዱት ከማሽን ሊሰማው ነው? ሳታዳምጥ ማጥፊያውን ተጫነችው። መብራቱ ጠፋ። ጌትነት ደግሞ ሻንጣውን ጥሎ ፎቶዎቹን ሊያሳትም ሄደ፣ ሰኞ ለደሴ ሊልካቸው።

እሑድ በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ጌትነት በቢጃማው ከፈተ። ነጭ ጋቢ፣ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ካሮልተን ውስጥ ጋሽ ፍቃዱን በዚያ ሰዓት ደጃፉ ላይ አይቶ የማይገባው ሐበሻ የለም።

"ማን ነው?" አለ። "ማን ነው በሉኝ! እትዬ ናት?"

"ጠንከር በል ልጄ" አሉት።

ወለሉ ላይ ወደቀ። የጮኸው ጩኸት የላይኛውን ፎቅ ሰው አስወጣ። ደረቱን ደቃ፣ ግድግዳውን ደቃ፣ "አዝለሽኝ! አዝለሽኝ አልቀበርኩሽ!" እያለ አለቀሰ። ቤቱ ሞላ፣ ምግብ ተጭኖ መጣ፣ ፍራሽ ተነጠፈ። ዓለምጌጥም አለቀሰች፣ ከልቧ፤ ትንሽ ቀለል አላት ደግሞ። እፎይ፣ ከእንግዲህ አልዋሽም ብላ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ጌትነት፣ "ለህይወት ደውሉልኝ፤ የት እንዳስቀበረቻት ልስማ" አለ። ዓለምጌጥ የስልክ ካርዱን ቁጥር መትታ ደወለችና፣ ሁሉም እንዲሰማ ስፒከሩን ከፈተችለት።

"ጋሼ! በስንት ጊዜህ!" አለች ህይወት።

"ህይወትዬ፣ የት ቀበራችኋት?"

"ማንን?"

"እትዬን ነዋ!"

"እማዬን? ኧረ በስመ አብ በል! እማዬ እኮ አለች። ይኸው አጠገቧ ነኝ።"

ከዚያ ጌትነት ዘሎ ተነሳ። "አለች! አለች እኮ!" አለ። አንዷ ሴት እልል አለች፣ አጠገቧ ያለችው ገና ለቅሶዋን አልጨረሰችም ነበር።

"ጆሮዋ ላይ አድርጊላት!" አለ። "እትዬ! እኔ ነኝ! አነሳሁልሽ እኮ፣ ዓሣውን አነሳሁልሽ! ኤሊም አለች፣ ሣር ስትግጥ፣ ልክ እንደ ላም! እትዬ? ሳቂብኝ እንጂ!"

ከወዲያ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ከባድ፣ የሚቆራረጥ።

"አትመልስልህም ጋሼ" አለች ህይወት። "ረቡዕ ማታ አንደበቷ ተያዘ። እስከዚያ ድረስ ስልኩን ከትራሴ አታርቂብኝ፣ ይደውላል ትለኝ ነበር። አልደውል ስትላት ራሷ ደውላ እቤታችሁ ማሽን ላይ አውርታልሃለች። ብዙ ነው ያወራችህ። እንዴት አልሰማኸውም?"

ጌትነት ማሽኑን አየው። ከዚያ ሚስቱን አያት።

"አጥፍቼዋለሁ" አለች ዓለምጌጥ። "ለቅሶ መስሎኝ... ጌትዬ፣ ለአንተ ብዬ..."

"ረቡዕ ጠዋት ስልኩን ይዤ ነበር" አላት ቀስ ብሎ። "አስቀምጥ አልሽኝ።"

ጋሽ ፍቃዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ በክፋት አልተደረገም። ያው ወጉ..."

"ጋሼ፣ ይውጡልኝ። ሁላችሁም ውጡልኝ።"

እሱ ራሱ ቀድሟቸው ወጣ፤ ፓስፖርቱንና የፎቶዎቹን ፖስታ ይዞ ወደ ኤርፖርት። ዓለምጌጥ ፓርኪንጉ ድረስ በባዶ እግሯ ተከተለችው፤ ዞር ብሎ አላያትም።

ጊዜው በጋ ነው፣ አውሮፕላኑ ሁሉ ሙሉ። ስታንድባይ ስሙን አስመዝግቦ ተቀመጠ፣ አንዱ አውሮፕላን ጥሎት ሄደ፣ ሌላውም ሄደ። እዚያው ወንበር ላይ አደረ። ዓለምጌጥ ሞባይሉ ላይ ስትደውል አያነሳም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ህይወት ደወለች። በዚህ ጊዜ አላለቀሰችም። እማዬ አረፈች አለች፣ ልክ አሁን።

ዓለምጌጥ ጋሽ ፍቃዱ ጋ ደወለች። "እኔ ዛሬ ጉልበቴን አሞኛል፤ ሌላ ሰው ብትፈልጊ ይሻላል" አሏት። ሌላ ሰው ማን ይምጣ? ስለዚህ ለራሱ ደወለች፣ ደጋግማ። በመጨረሻ አነሳው።

ወግ የለ፣ ማለሳለስ የለ። "ጌትዬ፣ እትዬ ሞተች" አለችው። "አሁን ህይወት ነገረችኝ።"

ከኋላው የመሳፈሪያ በሩ ጫጫታና ስም የምትጠራ ሴት ድምፅ ይሰማል።

"አላምንሽም" አላት።

"እውነቴን ነው። በእመቤቴ፣ ሞታለች።"

"ባለፈውም ሞታለች ብለሽ አስለቅሰሽኛል፣ ዓለምጌጥ። ትንፋሿን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"ጌትዬ ስማኝ..."

"ስሜን ጠሩት! ወንበር ተገኘ!" አለ፣ ድምፁ በደስታ እየተንቀጠቀጠ። "ልደርስባት ነው" ብሎ ዘጋው።