ቢራ የማይቀዳበት ቧንቧ

ዋልተር የድራፍት ቧንቧውን ባንኮኒው ላይ ዱብ ሲያደርገው የፑል ቤቱ መስኮቶች ተንቀጠቀጡ። ቧንቧው የዝይ አንገት ያለው ነሐስ ነው፤ ክብደቱ ጥጃ ያህላል።

"ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ የቢራ ፈቃዱ የኛ ነው፣ እህቴ" አለ። "ማስታወቂያው መስኮቱ ላይ አሥራ አራት ቀን ሙሉ ተለጥፎ አንድ ተቃዋሚ አልመጣም። ቄሱ እንኳ ጥቁር ቢራ ይኖራል ወይ ብለው ጠይቀውኛል።"

ኦሪሲያ የመጨረሻውን ጠረጴዛ አረንጓዴ ጨርቅ እየቦረሸች ነበር። በማኒቶባ ሜዳ ላይ እንደነዚያ ስድስት ጠረጴዛዎች የተስተካከለ ነገር አልተፈጠረም፤ ሐይቁ ራሱ ነፋስ በሌለበት ቀን ከነሱ ይልቅ ይጎብጣል። ያስተካከላቸው ባሏ ታራስ ነው። ከእያንዳንዱ ጨርቅ ሥር በሬ በሬ የሚያካክሉ ሦስት ጥቁር ድንጋዮች አሉ። መጋጠሚያቸውን በቀለጠ ሰም እየደፈነ፣ ውሃ ልክ እያስቀመጠ፣ በእግራቸው ሥር የመጫወቻ ካርታ እየሸጎጠ አሥራ ዘጠኝ ቀን በጉልበቱ ሲድህ ከረመ።

ታራስ መጠጥ ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። ድሮ የፑል ዱላውን ሲያነሳ የሦስት ከተማ ተጫዋች እጁን ኪሱ ይከት ነበር። ግን የሆቴሉም የክበቡም ጠረጴዛ ያለው ቢራ አጠገብ ስለሆነ፣ ጠርሙሱን ሲተው ዱላውንም አብሮ ተወ። ትናንት ጠዋት ጠረጴዛውን ልፈትን ብሎ አንድ ኳስ መታ። ምሳ እስኪደርስ አላቆመም። እያፏጨ ነበር። ኦሪሲያ ሃያ ሁለት ዓመት የነዳችውን የጭነት መኪና ሸጣ ይህን ቤት ስትከፍት ያላሰበችው ነገር ቢኖር ያ ፉጨት ነው።

"ቢራ አይገባም" አለች።

"ማመልከቻው ላይ አብረን ፈርመናል እኮ!"

"ያን ጊዜ ፉጨት አልሰማሁም።"

"ምን ፉጨት? ሰው ሎሚናት እየጠጣ ፑል አይጫወትም፣ ክርስትና ነው እንዴ? ደግሞ እኔ ካልፈረምኩ ማመልከቻው አይነሳም። እኔ ደግሞ አልፈርምም።"

"አትፈርም" አለችና ካፖርቷን አነሳች።

ማዘጋጃ ቤት ስትደርስ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ጸሐፊዋ ቬርና መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች።

"ተቃውሞ? በማን ላይ?"

"በኦሪሲያ ፑል ቤት።"

"ኦሪሲያ አንቺ ነሽ።"

"አውቃታለሁ። ችክ ያለች ሴት ናት። ሕጉ ማን ይቃወም ይላል?"

ቬርና ገጹን በጣቷ ተከተለች። "ማንኛውም ነዋሪ።"

"እንግዲህ እኔ እዚህ ከተማ የምኖር ይመስለኛል።"

"ክርክር ለፀደይ ይቀጠርበታል፤ እስከዚያ ፈቃድ የለም። ወንድምሽ ይከራከርሻል።"

"ከሳሽም ተከሳሽም እኔ ነኝ፤ በየት በኩል ያሸንፈኛል?"

"በይ ምክንያቱን ጻፊ። እሱም መስኮትሽ ላይ ይለጠፋል።"

ኦሪሲያ እስክሪብቶውን ያዘች። አገሩ ሁሉ በዚያ መስኮት ፊት ያልፋል፤ ያልተማረው ሳይቀር ቆሞ ያነባል። እውነቱን ከጻፈች የታራስ ስም እስከ ፀደይ እዚያ ሊሰቀል ነው። ብዙ አሰበች። ከዚያ በትልልቁ፦ "ቢራ ጨርቅ ያበላሻል" ብላ ጻፈች።

"ይኸው ብቻ?"

"ጨርቁን ስላላየሽው ነው።"

ወረቀቱን ራሷ ለጠፈችው። ዋልተር አንብቦ ፊቱ ቀይ ሥር መሰለ። ታራስ መጣ። እሱም ውጭ ቆሞ አነበበ፤ ገባ።

"ትናንት ጨርቁ ላይ ቋሊማ የበላው ማነው?" አላት።

"ቋሊማ አይፈስም።"

"ኦሪሲያ፣ በኔ ምክንያት ከሆነ እኔ ሕፃን አይደለሁም።"

"ስምህን የት አየኸው? ሂድና ደግመህ አንብብ።"

ሄዶ ደግሞ አነበበ። ከሦስት ቃል ለማያልፍ ጽሑፍ ብዙ ቆየ። ተመልሶ ከኪሱ አንድ ሳንቲም አወጣና የጠረጴዛው ጠርዝ እንጨት ላይ አስቀመጠ። እዚያ አገር ሳንቲም ያስቀመጠ ሰው የሚቀጥለው ጨዋታ የሱ ነው፤ ንጉሥ ቢመጣ ወረፋ ይጠብቃል።

"እኔስ ይህን ጉድ ምን ላድርገው?" አለ ዋልተር፣ ቧንቧውን እያሳየ።

ኦሪሲያ ቧንቧውን ተቀበለችው። መሰርሰሪያዋን አመጣች። ዱላዎቹ ከተደረደሩበት አጠገብ፣ አንገቱን ወደ ውጭ አድርጋ፣ በአራት ብሎን ግድግዳው ላይ አሰረችውና በሁለት እጇ ተንጠልጥላ ፈተነችው። ንቅንቅ አላለም።

"ካፖርትህን አውልቅ" አለችው ታራስን፤ ተቀብላም እዚያ ላይ ሰቀለችለት።