እኔ የሌለሁበት የእኔ ፊልም

ልጄ ስለ እኔ ፊልም ልትሠራ ነው ሲባል ጢሜን ተላጭቼ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ፈልሳፊ ነኝ። በርሜል ሲሞላ ራሱን የሚዘጋውን የቧንቧ መዝጊያ የሠራሁት እኔ ነኝ። ድንች የሚልጥ ማሽንም ሠርቻለሁ፤ ልጦ ሲጨርስ የሚተርፈው ድንች አተር ስለሚያክል እሱን ባናነሳው ይሻላል። ፊልሙ ያነሳዋል ብዬ ግን ሰግቼ ነበር።

ሥጋቴ ከንቱ ሆነ። ፊልሙ ድንቹንም ቧንቧውንም እኔንም አላነሳም። አንድ ሰዓት ሙሉ የሚታየው የሥራ ክፍሌ በር ነው፤ ያውም የተዘጋ። ከውስጥ መሰርሰሪያ ይጮሃል። ከውጭ እናቷ ምሳ ታስቀምጣለች፣ ቆይታ ደግሞ የቀዘቀዘውን ታነሳለች። አንዲት ልጅ በሩ ሥር ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። በመጨረሻ መብራት ይጠፋል፣ በሩ ይከፈታል፤ ከዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ የሁለት ሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። አለቀ።

ሃያስያኑ ተንጫጩ። አንዱ በሩ የዘመናችን ብቸኝነት ነው ብሎ ጻፈ። ሌላው የለም፣ ሞት ነው አለ። እኔ በሩን አውቀዋለሁ፤ ቤቱ ውስጥ ፈልሳፊ እያለ ማጠፊያውን ዘይት የሚቀባ ሰው አጥቶ ሃያ ዓመት ሲጥ ሲጥ ያለ በር ነው። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ተስማሙ፦ የጨለማው ትዕይንት ይቆረጥ። ይረዝማል፣ ያሰለቻል፣ ከሌላው ጋር አይሄድም። ልጄም ፊልሙን ለውድድር ከመላኳ በፊት ልቁረጠው አልቁረጠው እያለች እንቅልፍ ማጣቷን እናቷ ነገረችኝ።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። በገዛ ፊልሜ አለመታየቴ አንገብግቦኝ ነበር። ከተመልካች ጋር ውይይት በተዘጋጀበት ዕለት ሦስት ገጽ እርማት ኪሴ ከትቼ ሄድኩ።

ክፉኛ ከጻፉት ሃያስያን አንዱ ከፊቴ ተቀምጦ ኖሮ ዞር አለ።

"አባባ፣ እርስዎ እያሉ እኛ ምን አከራከረን? የጨለማው ነገር እውነት ነው?"

ማይክ ሲያቀብሉኝ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

"ጭራሽ ያልሆነ ነገር ነው! እኔ ሥራ ጀምሬ ሳልጨርስ ወጥቼ አላውቅም። ይቆረጥ!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ለቧንቧው እንኳ እንዲህ አልተጨበጨበልኝም፤ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

መድረኩ ላይ ያለችው ልጄ አላጨበጨበችም።

"ወጥተሃል እንጂ አባዬ" አለች። "አንድ ቀን። መብራት ጠፍቶ መሰርሰሪያህ ቆመብህ። ሻማ ፍለጋ ስትወጣ እግሬን ረገጥከኝ። ከዚያ መብራት እስኪመጣ አጠገቤ ተቀመጥክ።"

ላስታውስ ታገልኩ። ኪሴ ውስጥ ያሉት ሦስት ገጾች የእያንዳንዱን ብሎን ልክ ይዘዋል፤ ያ ቀን ግን የለባቸውም።

"ምን አወራን?" አልኩ።

"ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ጠየቅከኝ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም በራሴ መሳቅ ልማዴ ነውና አብሬ ልስቅ ጀምሬ ነበር።

"እና ምን አልሽኝ?"

"ልነግርህ ስል መብራት መጣ።"

ሳቁ ቀጥ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

"አትቁረጪው" አልኳት። ማይኩን ግን አላስቀመጥኩትም። "ስንተኛ ነበርሽ?"

"አራተኛ" አለችኝ።