በቶፊቅ አንጎል ላይ የተጠራ ምስክር

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የዘንድሮውን ጉድ የሰማሁት ቤይሩት፣ መርማሪ ዳኛ ቢሮ ውስጥ ፋሲካ ለምትባል የቤት ሠራተኛ ያገሬ ልጅ ሳስተረጉም ነው። አንጠልያስ በሚባል የክርስቲያን ሰፈር የምትሠራበት ቤት ልጅ፣ ቶፊቅ የሚባል የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ፣ ደፍሯታል። መድፈሩን አልካደም። "አንጎሌ ታሟል፣ ራሴን መግታት አልችልም" ነው ያለው። ሐኪም እውነቱን ነው ካለ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል፤ ፋሲካ ወደ አገሯ ትባረራለች።

ፍርድ ቤቱ የመደበው ሐኪም የአንጎሉን የኤምአርአይ ፎቶ ስክሪን ላይ አሳየን። ግንባሩ አካባቢ ያለው፣ ሰውን "ተው" የሚለው ክፍል ደከም ብሏል አለ። ይህን ስተረጉም ደሜ ፈላ። ፋሲካ "ተው! ተው!" እያለች ስትጮህ የሰማው ጆሮውስ? እሱም ደክሞ ነበር?

ሐኪሙ ግን አልጨረሰም። "ፎቶ ብቻውን አይፈርድም። እንዲህ ያለ አንጎል ይዘው ማንንም ያልነኩ ብዙ ናቸው። እኔ አኗኗሩን ነው የምጠይቀው" ብሎ ወደ እናቱ ዞረ።

ማዳም እንባዋን በሶፍት እየጠረገች፣ "ሀራም፣ ያሳዝናል! ልጄ ከልጅነቱ በሽተኛ ነው። ያኒ፣ ማለቴ፣ ሴት ካየ አያስችለውም፣ በእጁ አይደለም። እናቱ ነኝ፣ አውቀዋለሁ" አለች። ለልጇ የቀጠረችው ጠበቃ ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ በጥፊ ባጠፋው ደስ ባለኝ።

ልተረጉምላት ስል ፋሲካ ክንዴን ያዘችኝ።

"ተይው እትዬ፣ ገብቶኛል።" ከዚያ በዚያው በወጥ ቤት አረብኛዋ ማዳምን ጠየቀቻት። "ማዳም፣ እንደዚህ መሆኑን ታውቂ ነበር?"

"አውቃለሁ አልኩ እኮ!"

"እሺ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ በሩን ከውጭ ትቆልፊያለሽ። እንዳልጠፋብሽ ነው፣ ሁሉም ማዳም ያደርገዋል፣ ኸላስ፣ ይለፍ። ግን ልጅሽ ውስጥ ነበር። ካወቅሽ ለምን ከሱ ጋር ቆለፍሽብኝ?"

ማዳም ጠበቃዋን አየች። እሱ ጫማውን ያያል።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ "አንቺ ቤት እያለሽስ ነክቷት ያውቃል?" አላት።

ማዳም ተቆጣች። "እኔ እያለሁ? እንዴት ተደርጎ! እኔ ቤት ካለሁ ከክፍሉም አይወጣም!"

አፏን በሶፍቱ የያዘችው ከተናገረች በኋላ ነው። ሐኪሙ ስክሪኑን አጥፍቶ መጻፍ ጀመረ።